የወተት ምርመራ ፕሮፖዛል፦ ረቂቁን አብረን እንጨርስ

አስተባባሪዋ፦ ሰላም አባላት። ከደብረ ብርሃንና ከጫጫ የምንሰበስበውን ወተት ለአንቲባዮቲክ ቅሪት ማስመርመር አለብን። ጡቷ ያበጠ ላም ፔኒሲሊን ትወጋለች፤ ማታ ወተቷ ከሌላው ጋር ይቀላቀላል። ማፍላት መድኃኒቱን አያጠፋውም። የሚጠጡት ደግሞ ሕፃናት ናቸው። ሐሳባችሁን ጻፉ።

የላብራቶሪ ባለሙያው፦ በሁለት ደረጃ ቢሆን ይሻላል። ጠዋት መኪናው ሳይነሳ በስትሪፕ (ወተት ውስጥ በሚነከር መመርመሪያ ወረቀት)፤ በደቂቃዎች ውጤት ይሰጣል። የሚይዘው ግን የተሠራላቸውን መድኃኒቶች ብቻ ስለሆነ፣ የፔኒሲሊንና የቴትራሳይክሊን ይገዛ። ቀጥሎ ዴልቮቴስት። ወተት ጠብ የተደረገባት ብልቃጥ 64 ዲግሪ ላይ ከ2 ሰዓት በላይ ትቆያለች። ውስጧ ያለው ባክቴሪያ ካደገ ሐምራዊው ቢጫ ይሆናል። መድኃኒት ካለ አያድግም፤ ሐምራዊ እንደሆነ ይቀራል። የትኛው መድኃኒት፣ ስንት እንደሆነ ግን አይናገርም። ለዚያ ናሙናው ኤልሲ-ኤምኤስ (የመድኃኒቱን ዓይነትና መጠን የሚለይ መሣሪያ) ወዳለበት ላብራቶሪ ይላክ። የኮዴክስ (የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ) ገደብ ለቤንዚልፔኒሲሊን በኪሎ ወተት 4 ማይክሮግራም ነው።

እርጎ አቅራቢዋ፦ አንዳንዴ ወተቱ እርሾ ገብቶበት፣ አድሮም አይረጋም። ብርዱ ነው ይባላል። ሊሆን ይችላል፤ ግን አንቲባዮቲክም እርሾውን ያዳክመዋል። ኪሳራውም ይጻፍ።

አርቢ፣ ከጫጫ፦ ልጆቼ፣ ምርመራውን አልጠላም። ግን ላሜን አሳክሜ ወተቱን ስደፋ የልጆቹ ደብተር በምን ይገዛል? ቅጣት ብቻ ከጻፋችሁ ሰው ይደብቃል።

አስተባባሪዋ፦ እውነትዎን ነው ጋሼ። ላሟ መታከሟን ቀድሞ ለተናገረ አባል የሚደፋው ወተት ዋጋ በከፊል ከጋራ ፈንድ ይከፈለው። ደብቆ ለተገኘ ግን አይከፈልም።

የእንስሳት ሐኪሟ፦ በጣም ደግፌያለሁ። ወተቱ ስንት ቀን እንደማይሸጥ መድኃኒቱ ላይ ተጽፏል፤ ግን በደቃቅ እንግሊዝኛ ነው። እኔ ስወጋ ቀኑን በአማርኛ ካርድ ላይ ልጻፍ። ጭራዋ ላይም ቀይ ጨርቅ ይታሰር፤ የሚያልበው ሰው መታከሟን ላያውቅ ይችላል።

የላብራቶሪ ባለሙያው፦ አንድ ነገር ልጨምር። የተቀላቀለውን ብቻ ከመረመርን የአንዱ ቅሪት በሌላው ወተት ቀጥኖ ያመልጠናል። ከየአባሉ ጥቂት ናሙና ፍሪጅ ይግባ።

አስተባባሪዋ፦ ተስማማን። ሥልጠናው በዐቢይ ጾም ቢሆንስ? ገበያው ቀዝቀዝ ይላል።

አርቢ፣ ከጫጫ፦ ይሁን። ብቻ ፈንዱ ከስትሪፑ ይቅደም።

አስተባባሪዋ፦ እሺ ጋሼ፣ የበጀቱ የመጀመሪያ መስመር አድርጌዋለሁ።