የክሪደንስ ክሊርዋተር ሪቫይቫል የመጨረሻ አልበም ለምን ከቀደሙት አነሰ?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የአሜሪካውን የሮክ ባንድ የክሪደንስ ክሊርዋተር ሪቫይቫልን ሰባት የስቱዲዮ አልበሞች በወጡበት ቅደም ተከተል አዳምጬ ጨርሻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1969 ብቻ «ባዩ ካንትሪ»፣ «ግሪን ሪቨር» እና «ዊሊ ኤንድ ዘ ፑር ቦይስ» የተሰኙ ሦስት አልበሞችን አውጥተው አንዱም የጥድፊያ ሥራ አይመስልም። በ1970 መጨረሻ ካወጡት ከ«ፔንዱለም» አልበም በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይተው በ1972 ያወጡት «ማርዲ ግራ» ግን የሌላ ባንድ ሥራ እስኪመስለኝ ድረስ ወርዶብኛል። ምክንያቱን የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦

በእኔ አስተያየት ምክንያቱ የሥራ ክፍፍሉ መለወጡ ነው። እስከ «ፔንዱለም» ድረስ የባንዱን አዳዲስ ዘፈኖች ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚደርሰው፣ የሚያቀናብረውና የሚዘፍነው ጆን ፎገርቲ ነበር፤ አራቱ አብረው ሙዚቃውን ከቀዱ በኋላም ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ የመሪውን ብቻ ሳይሆን የተቀባዮቹንም ድምፅ ራሱ ይደርብበት ነበር። እንዲህ ያለው አሠራር ሥራውን ቢያፋጥንም ባልደረቦቹን እያስከፋ ሄዶ፣ ታላቅ ወንድሙ ቶም በ1971 መጀመሪያ ላይ ባንዱን ለቀቀ። በ«ማርዲ ግራ» ላይ ካሉት አሥር ዘፈኖች ስድስቱ የቤዝ ተጫዋቹ የስቱ ኩክና የድራመሩ የዳግ ክሊፎርድ ድርሰቶች ናቸው፤ የሚዘፍኗቸውም እነርሱው ናቸው። ከዚያ በፊት ደግሞ አንዳቸውም በባንዱ አልበም ላይ መሪ ድምፃዊ ሆነው አያውቁም።

መልስ 2፦

ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ጥፋቱን በሁለቱ ላይ ብቻ መጣል አይገባም። የ«ማርዲ ግራ» ክፍፍል የማን ሐሳብ እንደነበረ አባላቱ ራሳቸው ሲወዛገቡበት የኖሩበት ጉዳይ ነው። የ1969ኙ ፍጥነትም ከአንድ ሰው ችሎታ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ጆን፣ ስቱና ዳግ በካሊፎርኒያዋ ኤል ሴሪቶ ገና ተማሪዎች ሳሉ በ1959 አብረው መጫወት ስለጀመሩ፣ ታዋቂ ሲሆኑ የአሥር ዓመት ልምምድ ከኋላቸው ነበር። «ኮስሞስ ፋክተሪ» የሚለው የ1970 አልበማቸው ስያሜ እንኳ የመጣው ከመለማመጃ ቦታቸውና «ኮስሞ» ከሚባለው ከክሊፎርድ ቅጽል ስም ነው።

ያ ልምምድ ያመጣውን በጆሮ ለመለየት የ1968ቱን «ሱዚ ኪው» ይስሙ። ከስምንት ደቂቃ ተኩል በላይ ስለሚረዝም በትንሹ ሸክላ ላይ ለሁለት ተከፍሎ በፊትና በጀርባ ገጽ ነው የወጣው። በዚያ ሁሉ ርዝመት ጊታሩ እንደልቡ ሲንከራተት ድራሙና ቤዙ አንድ ቦታ ረግጠው አይነቃነቁም።

ጠያቂው፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። «ማርዲ ግራ»ን ትናንት ማታ ደግሜ አዳመጥኩት። ስለ ስድስቱ ዘፈኖች ያለኝ አስተያየት አልተለወጠም፤ የጆን ድርሰት የሆነው «ሳምዴይ ኔቨር ካምስ» ግን ቀድሞ ካወጧቸው ከየትኞቹም የሚተናነስ አይደለም። በመጀመሪያው ዙር ልብ ያላልኩት ደግሞ የክሊፎርድን ድራም ነው፤ ዜማው በደከመባቸው ቦታዎች ሁሉ እንኳ ምቱ እንደ ድሮው ነው።