የሻወር ሙቅ ውሃ ቀጥኗል፣ ቀዝቃዛው ግን ደህና ነው (ጅማ)

ኪቶ_ሰፈር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤቱ ኪቶ ፉርዲሳ ነው። 50 ሊትር ቦይለር ለሻወርና ለእጅ መታጠቢያው ሙቅ ውሃ ይሰጣል። ባለፈው ውሃ ጠፍቶ ከተመለሰ ወዲህ ሙቁ እየቀጠነ ሄደ። ሻወሩ ላይ በ2 ሊትር ጆግ ስለካው ቀዝቃዛው በ9 ሰከንድ ይሞላል፣ ሙቁ 50 ሰከንድ ይፈጃል። እጅ መታጠቢያው ላይ ሙቁ ትንሽ ይሻላል። ሙቀቱ ምንም አልጎደለም። ያየው ሠራተኛ «ቦይለሩ ይቀየር» አለ። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ምኑን ልይ?

ፊቲንግ፦
ወንድሜ፣ ቦይለር አትግዛ። በደንብ እስከሞቀ ድረስ ሬዚስታንሱም (ውሃውን የሚያሞቀው) ቴርሞስታቱም (ሙቀቱን የሚቆጣጠረው) ሥራቸውን እየሠሩ ነው፤ የታመመው የውሃው መንገድ ነው። የሻወሩን ራስም አትንካው፣ ቀዝቃዛውም በዚያው ነው የሚወጣው። ይልቅ አንድ ነገር ንገረን፦ ቀዝቃዛውና ቦይለሩ ውሃ የሚያገኙት ከአንድ ቦታ ነው? ቀዝቃዛው ከመስመር፣ ቦይለሩ ከሮቶ ከሆነ ሁለቱን ማወዳደር ትርጉም የለውም።

ኪቶ_ሰፈር፦
ልክ ነህ፣ ቀዝቃዛው ከመስመር ነው፤ ቦይለሩ ከሮቶ። ሮቶው የተቀመጠበት ቆጥ ከወለሉ 3 ሜትር ገደማ ነው፣ ሻወሩ 2 ሜትር ላይ። ግን ድሮም እንዲሁ ነበር፣ በደንብ ይወርድ ነበር።

ፊቲንግ፦
እንግዲያው ነገሩ ግልጽ እየሆነ ነው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ግፊት ይሰጣል። ሮቶው ተጋምሶ የውሃው ልክ 3.5 ሜትር ላይ ቢሆን ለሻወሩ የሚተርፈው 1.5 ሜትር፣ ማለትም 0.15 ባር ብቻ ነው። እጅ መታጠቢያው ዝቅ ስለሚል የተሻለ ያገኛል። በዚህ ግፊት፣ በመስመር ውሃ ላይ ምንም የማይመስል ደቃቅ አሸዋ እንኳ ውሃውን ይይዘዋል። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ ቧንቧ ውስጥ የተኛውን ደለል ሁሉ ይዞ ይመጣል፤ ሮቶው ሥር ይተኛል፣ ከዚያ ወደ ቦይለሩ ይወርዳል።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ በቦይለሩ ቀዝቃዛ መግቢያ (ሰማያዊው) ላይ ያለው ሴፍቲ ቫልቭ ነው። ውስጡ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል በስፕሪንግ የሚገፋ ትንሽ መዝጊያ አለ፤ አሸዋ ሲገባበት ሙሉ አይከፈትም። አሠራሩ እንዲህ ነው። ብሬከሩን አጥፋ፤ ማብሪያ ማጥፊያውን ብቻ ማጥፋት አይበቃም። ሙቁን ቧንቧ ከፍተህ ቀዝቃዛ እስኪመጣ ድረስ አፍስስ። ከሮቶ የሚመጣውን ጌት ቫልቭ (በእጀታ እየዞረ የሚዘጋውን) ዝጋና ፍሌክሲብሉን (ተጣጣፊውን ቱቦ) ከሴፍቲ ቫልቩ በታች ፍታው። ጫፉን እዚያው ከፍታ ላይ እንደያዝክ ባልዲ ውስጥ ልቀቀው። በደንብ ከወረደ ጥፋቱ ከዚያ በኋላ ነው። እዚያም ከቀጠነ ወደ ሮቶው ሂድ፦ መውጫው በደለል ተደፍኖ ይሆናል፣ ወይም ጌት ቫልቩ። አሮጌ ጌት ቫልቭ እጀታው እየዞረ ውስጡ ያለው መዝጊያ ከዘንጉ ተላቆ እንደተዘጋ ሊቀር ይችላል።

ሴፍቲ ቫልቩን ከመፍታትህ በፊት ቦይለሩን አራግፍ፤ ካላራገፍከው 50 ሊትሩ ላይህ ላይ ይወርዳል። ጌት ቫልቩ እንደተዘጋ፣ ሙቁን ቧንቧ ክፍት ተወው (አየር ካልገባ ውሃው አይወጣም)፣ ከዚያ የቫልቩን ትንሽ እጀታ አንሳ። ከወጣ በኋላ መዝጊያውን በጣትህ ግፋው፤ ከተያዘ በአዲስ ግማሽ ኢንች ቀይረው። ስትገጥም ቴፍሎን 10 ዙር ያህል፣ ቀስቱ ወደ ቦይለሩ ይዙር።

አጂፕ_ቧንቧ፦
በፊቲንግ እስማማለሁ፣ ግን የሙቁን ፍሌክሲብል እንዳትረሱት። የርካሹ ውስጠኛ ጎማ በሙቀት ያብጣል፣ ይላጣል፤ ከውጭ ሽቦው ደህና ይመስላል። ምልክቱ ስትከፍተው ደህና ይጀምርና ሙቁ ሲደርስ መቅጠኑ ነው። እጅ መታጠቢያው ላይ ውሃ የሚወጣበትን ወንፊት ፍታና የተጠራቀመውን ተመልከት። ጥቁር ፍርፋሪ ከሆነ ጎማ ነው። ቀይ ቡኒ ከሆነ የጋልቫናይዝድ ቧንቧ ዝገት ነው፤ በሙቁ መስመር ላይ ቶሎ ይበሰብሳል፣ መጥረጉ ጊዜያዊ ነው፣ በፒፒአር (በፕላስቲክ ቧንቧ) መቀየር ይሻላል። ነጭና ጠጣር ከሆነ አቼቶ ጠብ አድርግበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ ነው፣ ካላወጣ የቦይለሩ ውስጥ ፕላስቲክ ቱቦ እየተሰበረ ሊሆን ይችላል።

የሚክሰሩ (ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅለው ቧንቧ) ካርትሬጅም፣ ማለትም ውስጡ ያለው ተቀያሪ መክፈቻና መዝጊያ፣ አለ። 35 እና 40 ሚሊ ሜትር የተለመዱት ናቸው፣ ስለዚህ ወደ መርካቶ ስትወርድ አሮጌውን ይዘህ ሂድ። በቃል ተናግሮ የተገዛ ካርትሬጅ አይገጥምም።

ጅሬን_ማዶ፦
ሌላ ነገር፦ ሚክሰሩን መሃል ላይ ስታደርገው ሙቁ ጭራሽ ይጠፋል? ከጠፋ የመስመሩ ግፊት የሮቶውን ውሃ ወደ ኋላ እየገፋው ነው። የዚህ መድኃኒቱ ጽዳት አይደለም። የሻወሩንም ቀዝቃዛ ከሮቶ ማስመጣት ነው፤ ያኔ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ። ቆጡን 2 ሜትር ከፍ ማድረግም ግፊቱን ከእጥፍ በላይ ያሳድገዋል፣ ግን 1,000 ሊትር ውሃ 1 ቶን መሆኑን አስቦ የሚበይድ ሰው ይፈልጋል።

ኪቶ_ሰፈር፦
ሴፍቲ ቫልቩ ነው፤ ስፕሪንጉ በጭቃ ተይዟል። አዲሱን ገጥሜ ሙቁ በ20 ሰከንድ ይሞላል። አሁን ግን ቦይለሩ ሲሞቅ ከቫልቩ ጎን ውሃ ይንጠባጠባል። ልድፈነው?

ፊቲንግ፦
በፍጹም! ውሃ ከ20 ወደ 70 ዲግሪ ሲሞቅ 2 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ከ50 ሊትር 1 ሊትር ገደማ መሆኑ ነው። መዝጊያው ወደ ኋላ ስለማያስመልሰው በዚያች ቀዳዳ ነው የሚወጣው። ከደፈንካት በርሜሉ ይፈነዳል። ቀጭን ላስቲክ ቱቦ አድርገህ ወደ ፍሳሹ ምራው። ቀዝቅዞም ሌሊቱን ሙሉ ከፈሰሰ ግን በዚያች ቀዳዳ መዝጊያ ሥር አሸዋ ቀርቷል ማለት ነው፤ እጀታውን ሁለት ሦስት ጊዜ አንስተህ እጠበው። ሮቶውንም ሥሩን እጠብና መውጫው ላይ ሊፈታ የሚችል ማጣሪያ ግጠምለት፣ አለዚያ አዲሱም ቫልቭ በቅርቡ ይያዛል። ቀዳዳዎቹ ሰፋ ያሉ ይሁኑ፤ በዚህ ግፊት ደቃቅ ማጣሪያ ራሱ ውሃውን ያግደዋል።