በኢትዮጵያ መንጃ ፍቃድ እንግሊዝ አገር፦ አስተማሪ ልያዝ ወይስ ዝም ብዬ ልፈተን?

እህታችሁ ከሊድስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ለዓመታት ነድቻለሁ፣ ከሳሪስ ፒያሳ፣ በዝናብም በጨለማም። አሁን ሊድስ ነው የምኖረው፣ በኢትዮጵያው መንጃ ፍቃድ መንዳት የሚፈቀድልኝ 12 ወር ሊያልቅ ነው። የባለቤቴን መኪና ስይዝ ማርሹ በግራ በኩል ስለሆነ ቀኝ እጄ እየሄደ በሩን ይይዛል። አደባባይ ላይማ ጭንቅ ነው። አስተማሪ ልያዝ ወይስ ልምዱ ስላለኝ በቀጥታ ልፈተን? አውቶማቲክስ ይሻል ይሆን?

ለንደን ነኝ፦
አይዞሽ እህቴ። ከሁሉም በፊት የመለማመጃውን ፍቃድ፣ ፕሮቪዥናሉን፣ ዛሬውኑ አመልክቺ። 12 ወሩ ካለፈ ብቻሽን መንዳት የለም፤ ተለማማጅ መሆንሽን የሚያሳየውን ቀዩን ኤል (L) ከፊትና ከኋላ ለጥፈሽ፣ ከ21 ዓመት በላይ የሆነውና መንጃ ፍቃድ ካወጣ 3 ዓመት የሞላው ሰው አጠገብሽ መቀመጥ አለበት። ቲዎሪው 50 ጥያቄ ነው፣ ማለፊያው 43። ከዚያ ቪዲዮ እያየሽ አደጋው ሳይደርስ የምትጠቁሚበት አለ፣ ከ75 ነጥብ 44 ይፈልጋል። በአማርኛ የለም። የመንገዱ ፈተና ቀጠሮ በጣም ስለሚርቅ ቲዎሪውን እንዳለፍሽ ወዲያው ያዢ።

ታክሲ የምሠራው፣ በርሚንግሃም፦
አስተማሪ ያዢ፣ ለጥቂት ሰዓትም ቢሆን። መኪና መንዳት ትችያለሽ፣ ችግሩ እሱ አይደለም። እኛ አገር ክፍተት ካየሽ ትገቢያለሽ፣ እግረኛውም በክላክስ ይረዳሻል። እዚህ ፈታኙ የሚያየው ፍሬቻ ከማሳየትሽ በፊት ስፖኪዮ ማየትሽን ነው። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ወደምትታጠፊበት መንገድ ሊሻገር ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ካለ ቅድሚያ መስጠት አለብሽ፣ ገና እግሩን ባያነሳም። ይሄ ነው ለአበሻ ሾፌር ቶሎ የማይገባው። አደባባዩን በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ ነው የምትዞሪው፣ ከቀኝሽ ለሚመጣ ታሳልፊያለሽ፣ ከመውጫሽ በፊት ያለውን መውጫ ስታልፊ የግራ ፍሬቻ ታሳያለሽ። አስፋልቱ ላይ በነጭ ቀለም ብቻ የተሳለውንም ትንሽ አደባባይ ዙሪው፣ በላዩ ሰንጥቀሽ እንዳትሄጂ። እስከ 15 ትንንሽ ጥፋት ያልፋል፣ አንድ ከባድ ጥፋት ግን በቃ፣ ወደቅሽ ማለት ነው።

ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ማንቸስተር፦
በአውቶማቲክ ካለፍሽ ማኑዋል መንዳት አትችይም፣ እሱን አውቀሽ ግቢበት። እኔ ግን አውቶማቲክ ነው የምልሽ። ሥራና ልጆች እያሉ ፍሪሲዮንና ማርሽ በግራ እጅ መልመድ ምን ያደርጋል? ሐሳብሽ መንገዱ ላይ ይሁን። ደግሞ ግራ መንዳቱን እንደ ጉድ አትዪው፣ ኢትዮጵያም እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ነበር የሚነዳው፣ ያኔ የነበሩት ሾፌሮች ሁሉ ወደ ቀኝ ተለማምደዋል።

ታክሲ የምሠራው፣ በርሚንግሃም፦
በአውቶማቲኩ እስማማለሁ፣ ለሥራ የሚሰጥሽ መኪና ማኑዋል ካልሆነ። እሁድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል ከባለቤትሽ ጋር ውጪና አንዱን አደባባይ ደጋግመሽ ዙሪው። ኢንሹራንሱ ውስጥ ስምሽ መግባቱን ግን አስቀድመሽ አረጋግጪ።