ከአዲስ አበባ ሳይወጡ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሙከራ መሥራት ይቻላል?

ባለ ማሲንቆው፦
የማሲንቆ ድምፅ ቀድቼ በኮምፒውተር እየቆራረጥኩ እሠራለሁ። የሚሰማኝ ሁሉ «በርሊን ካልገባህ የትም አትደርስም» ይለኛል። አገር ለአገር እየተዘዋወረ እንዲህ ዓይነት ሙዚቃ የሠራ፣ የሚበላውም ያላጣ ሰው ታውቃላችሁ? ከእኛ ሙዚቃ ጋር የተገናኘ ከሆነማ እሰየው።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ግብጻዊውን ሐሊም ኤል ዳብን ፈልግ። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1921 ካይሮ ተወለደ፤ የተማረው ግብርና ነበር። በ1944 ከሬዲዮ ጣቢያ በብረት ሽቦ ላይ የሚቀዳ መሣሪያ ተውሶ የዛር ሥርዓት ቀዳ። ከዚያም የሴቶቹን ዜማ መሠረታዊ ድምፅ እያጠፋ፣ ማስተጋባቱን እያስቀረ ደጋግሞ ቀዳው። ፓሪስ ውስጥ የዚህ ዓይነት ሙዚቃ ጀማሪ የሚባለው ፒየር ሼፈር የባቡር ድምፅ ቀነባብሮ ያሰማው በ1948 ነው! ታሪኩን ከፓሪስ የሚጀምሩ ጸሐፊዎች እስካሁን ያናድዱኛል።

በ1950 አሜሪካ ሄደ። በ1959 በኮሎምቢያ ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል «ለይላና ገጣሚው»ን ሠራ፤ ያኔ ግድግዳ የሚያህል ሲንተሳይዘር (ድምፅ በኤሌክትሪክ የሚፈጥር መሣሪያ) የነበረው እዚያ ነው። ከዚያ ሁሉ መሣሪያ መካከል ተነሥቶ በ1962 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር አዲስ አበባ መጣ። በማግስቱ ዓመት ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ክራር፣ ዋሽንት፣ ማሲንቆ፣ እምቢልታ፣ የጸሎቱ በገና ሳይቀር፣ በየአካባቢውና በየሥርዓቱ ለየብቻ የኖሩት መሣሪያዎች አንድ መድረክ ላይ ተቀመጡ። ኤሌክትሪክ የለበትም፤ ለእኔ ግን ከሽቦው ሥራ የማያንስ ሙከራ ነው።

የሜሪላንዱ፦
መምህር፣ ታሪኩ ልክ ነው፤ ወጣቱ ግን ስለ እንጀራም ጠይቋል። ኤል ዳብ ከአዲስ አበባ በኋላ እዚህ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ከ1969 ጀምሮ ደግሞ ኦሃዮ ውስጥ ኬንት ስቴት አስተማረ፤ ጡረታ የወጣው በ1991 ነው። ለዝነኛዋ አሜሪካዊት ዳንሰኛ ለማርታ ግራሃም የዳንስ ቡድን «ክሊተምኔስትራ»ን የደረሰ ሰው እንኳ የወር ደመወዙን ከመምህርነት ነበር የሚያገኘው። እኔም ቅዳሜ ማታ ኪቦርድ እጫወታለሁ፤ ክፍያው የመኪና ማቆሚያና እራት ችሎ ያልቃል። በርሊን ከመግባትህ በፊት ኪራይ የሚከፍልልህን ሙያ ያዝ።

ባለ ማሲንቆው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ የዛሩን ቅጂ መስማት ይቻላል?

ጡረተኛው መምህር፦
«ዋየር ሪኮርደር ፒስ» ብለህ ኢንተርኔት ላይ ፈልግ፤ የሚገኘው ሁለት ደቂቃ ያህል ቅንጭብ ነው። በስልክ ድምፅ ማጉያ እንዳትሰማው፣ ግማሹ ይጠፋብሃል። የሜሪላንዱ ወንድማችን ስለ እንጀራው ትክክል ነው፤ በርሊንን ግን አሁን ተወው። ማሲንቆህን ቅዳ፤ ደጋን ጭራውን ሲነካ የሚሰማውን መነሻ ቆርጠህ አውጣና የቀረውን እዚህ ላክልን።