የእንፋሎት ዘመን ግንድ ጫኝ ባቡሮች ተራራ ላይ በረዶን በምን ይጠርጉ ነበር?

አባይ ማዶ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ባሕር ዳር ለቴክኒክ ተማሪዎች ማሳያ የሚሆን የግንድ ጫኝ ባቡር ሞዴል እየሠራን ነው። ሎኮሞቲቩ ሼይ (ጎማዎቹን በማርሽ የሚነዳ፣ ለግንድ ጭነት የሚያገለግል የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ) ነው፣ ቦታው ደግሞ የአሜሪካ ካስኬድ ተራሮች። ከፊቱ ያንን ባለ ትልቅ ጎማ ሮታሪ መጥረጊያ፣ ማለትም ምላጭ ያለው ጎማ እየዞረ በረዶውን ቆርጦ የሚወረውረውን፣ ልናደርግለት አስበናል። የደን ኩባንያዎች በእርግጥ እሱን ይጠቀሙ ነበር? ካልሆነስ 1 ሜትር በረዶ የተኛበትን ሐዲድ በምን ይከፍቱት ነበር?

ፉርጎ፦
ሮታሪውን ተዉት፤ እሱ የዋና መስመር መሣሪያ ነው። ሐሳቡን በ1869 ያመጣው ጄ. ደብሊው ኤሊዮት የተባለ የቶሮንቶ የጥርስ ሐኪም ሲሆን፣ ኦሬንጅ ጁል አሻሽሎት በ1880ዎቹ ሥራ ላይ ዋለ። ቦይለሩ የሚያዞረው የፊቱን ጎማ ብቻ ነው፤ ራሱን ስለማይነዳ ከኋላው የሚገፋው ሎኮሞቲቭ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ክብደት የደን መስመር አይችለውም። ሐዲዱ ቀጭን ነው፣ አግዳሚ እንጨቱ ብዙ ጊዜ በቂ ጠጠር ሳይለብስ አፈር ላይ ይነጠፋል፣ ኩርባውም ጠባብ ነው።

ከፍታ ላይ የነበሩት አብዛኞቹ ኩባንያዎች በረዶው ሲበረታ ሥራ አቁመው በፀደይ ይመለሱ ነበር። ስለዚህ ዋናው ጠረጋ የፀደይ ነው፤ የፀደይ በረዶ ደግሞ እርጥብና ከባድ ነው። አዲስ የወረደ በረዶ በሜትር ኩብ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ቢመዝን፣ ሰንብቶ የረጋው 400 ኪሎ ይደርሳል። 3 ሜትር ስፋት፣ 1 ሜትር ጥልቀት፣ 1 ኪሎ ሜትር ርዝመት ብትወስዱ 1,200 ቶን ነው። በ50 ኩንታል አይሱዙ 240 ምልልስ ማለት ነው። ለአንድ ኪሎ ሜትር!

ለሞዴላችሁ የሚሆነው የሽብልቅ መጥረጊያ ነው። ጠፍጣፋ ፉርጎ ላይ ከወፍራም እንጨት ይሠራና ፊቱ ብረት ይለብሳል፣ ከላዩ ድንጋይ ወይም አሮጌ ሐዲድ ይጫንበታል። ክብደቱን አትናቁት። ቀላል ከሆነ በረዶው ከአፍንጫው ሥር ይጠቀጠቅና ሽብልቁን ወደ ላይ ያነሳዋል፤ ያኔ ሐዲድ ይስታል።

ሽምብጥ፦
ጋሽ ፉርጎ ያሉት ትክክል ነው፤ ግን ሽብልቁ ካለፈ በኋላ የሚቀረው ነገር ነው ይበልጥ አደገኛው። የጎማው ከንፈር (ጎማው ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘው ጠርዝ) ከሐዲዱ አናት በታች 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል። በዚያች ክፍተት በረዶ ተጠቅጥቆ ሌሊት ከረጋ፣ ጠዋት የመጣው ጎማ በረዶው ላይ ይወጣና ከሐዲዱ ይወርዳል። ኩርባና መቀያየሪያ (ባቡሩ ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያልፍበት ቦታ) ላይ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ በሐዲዶቹ መካከል ዝቅ ብሎ የሚጠርግ ምላጭ ከኋላ ይከተላል። መቀያየሪያና መሻገሪያ ጋ ሲደርስ ምላጩ መነሳት አለበት፤ ካልተነሳ ብረቱን ነቅሎ ይሄዳል። እነዚያን ቦታዎች ሰው ነው የሚያጸዳቸው፦ በዲጂኖ ይሰብራል፣ በአካፋ ያወጣል፣ መጨረሻ ላይ ይጠርጋል።

ሼይ ከሆነ በስተቀኙ ያሉትን ሲሊንደሮች፣ ዘንጉንና ማርሾቹን አስቡ። ሁሉም ከጎማዎቹ ውጭ ስለሆኑ በረዶው በዚያ በኩል ሰፋ ተደርጎ ካልተቆረጠ ግድግዳውን እየፋቁ ይሄዳሉ፤ የቀለጠው ውሃም ግራሶውን ያጥበዋል።

አባይ ማዶ፦
በጣም እናመሰግናለን። ግን ለምን በፍጥነት መጥቶ አይመታውም? በዋና መስመሮች እንደዚያ ያደርጉ የለም እንዴ?

ፉርጎ፦
ሼይ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። የመምታት ጉልበት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ በ40 የሚመጣው ባቡር የዚህን አራት እጥፍ ይመታል። የሼይ ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ጎማዎቹ በሙሉ ስለሚነዱ ሳይንሸራተት ቀስ ብሎ ይገፋል፤ ጎማው እንዳይንሸራተት ሐዲዱ ላይ የሚረጨው አሸዋ ደረቅ እስከሆነ ድረስ። የአሸዋው ሳጥን ቦይለሩ ላይ የሚቀመጠውም ሙቀቱ እንዲያደርቀው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የአካፋ ቡድን ቀድሞ ይሄድና የክምሩን ፊት ቀጥ አድርጎ ይቆርጠዋል፤ ተዳፋት ሆኖ ከተተወ ሽብልቁ ይወጣበታል። ረጅም ክምር ከሆነ በየርቀቱ ሐዲዱን አቋርጠው ቦይ ይከፍቱበታል፣ በረዶው ተቆራርጦ መሄጃ እንዲያገኝ። ከዚያ ሎኮሞቲቩ ይገፋል፣ ጉልበቱ ሲያልቅ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። ተቀርቅሮ ከቀረ መጀመሪያ ጎኑንና ኋላውን ቆፍሮ ማላቀቅ እንጂ በጉልበት መጎተት አይሆንም።

የገደል መስመር ላይ በረዶው መወርወር ያለበት ወደ ቁልቁል ነው። በዳገቱ በኩል የተገፋው ተመልሶ ሐዲዱ ላይ ይወድቃል። ሆኖም አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚወረውር ምላጭ ፉርጎውን ወደ ተቃራኒው ጎን ይገፋዋል፤ በቀጭን ሐዲድ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሽብልቅ ከፍቶ የዳገቱን በኩል በአካፋ ማሻገር ነው የሚሻለው።

የበረዶ ናዳ ከወረደ ደግሞ ሮታሪም አያድንም። ናዳው ዛፍና ድንጋይ ይዞ ስለሚመጣ የጎማውን ምላጭ ይሰብራል። በ1910 በዚያው በካስኬድ፣ ዌሊንግተን በተባለ ቦታ 96 ሰዎች በናዳ ከመሞታቸው በፊት መስመሩን ከዘጉት ናዳዎች ውስጥ ዛፍ የያዙት በእጅ መቆፈር ነበረባቸው።

የጎርጎራው፦
ለሞዴሉ፦ ሽብልቁን ከዋንዛ አውጡት፣ በቀጭን ላሜራ አልብሱት፤ ጠርዙ ከሐዲዱ አናት ትንሽ ከፍ ይበል እንጂ አይንካው። የምላጩ ፉርጎ ላይ ማንሻ እጀታ አድርጉለት፤ ተማሪዎቹ መቀያየሪያው ጋ ሲደርሱ ራሳቸው እንዲያነሱት። አካፋ የያዙ ሰዎችንም አብዙ፣ ሁለት ሦስት ብቻ ከሆኑ አያሳምንም።