የእሳት ሰይፍ፣ አጽምና ጅብ የሚሆን ሰው፦ ጉዳቱን እንዴት ነው የምናሰላው?

ጥያቄ፦ የቅዳሜው ዲኤም

ሰላም ለሁላችሁ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለውን በዳይስ የሚጫወቱት የታሪክ ጨዋታ የምንጫወተው በ5ኛው እትም፣ በ2014ቱ ሕግ ነው። ዲኤሙ፣ ማለትም ጨዋታውን የምመራው፣ እኔ ነኝ። ተጫዋቾቹ አራት ሲሆኑ ሁሉም ሌቭል 3 ላይ ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ መቃብር ቤት ውስጥ ከአጽሞች ጋር ሲዋጉ የጉዳት ዓይነት ላይ ተከራከርንና ጨዋታው ለግማሽ ሰዓት ቆመ። ሦስት ነገር አልገባኝም።

አንደኛ፣ መጽሐፉ አጽም ለቅጥቀጣ ተጋላጭ ነው (ጉዳቱ እጥፍ ይሆንበታል) ይላል። ተዋጊያችን የያዘው ደግሞ ሎንግሶርድ (ረጅም ሰይፍ) ነው፤ እሱ የሚቆርጥ እንጂ የሚቀጠቅጥ አይደለም። «ሰይፌን ገልብጬ በእጀታው አናቱን እለዋለሁ» አለኝ። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ሕጉ ግን ይፈቅዳል?

ሁለተኛ፣ ወደፊት ፍሌም ተንግ የተባለውን የእሳት ሰይፍ ልሰጣቸው አስቤያለሁ። ሰይፉ ሲነድ ጉዳቱ በሙሉ እሳት ይሆናል? እሳት የሚቋቋም ጭራቅ ቢመጣስ?

ሦስተኛ፣ ዌርዎልፉን (ተኩላ የሚሆነውን ሰው) ጅብ አድርጌዋለሁ። አያቴ ትነግረን የነበረው፣ ማታ ማታ ጅብ የሚሆነው ሰውዬ ነው። ቁጥሮቹን አልነካሁም። ተራ መሣሪያ አይነካውም፤ ልጆቹ እጅ ላይ ግን እስካሁን አንድም አስማታዊ መሣሪያ የለም። ጅቡ የሚመጣው በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው፣ ከእሳቱ ሰይፍ በፊት። ሁሉንም እንዳይጨርስብኝ ፈርቻለሁ።

መልስ፦ ባለ ሃያ ጎን

ወንድሜ፣ ክርክሩ የሚነሳው ሁለት ነገር ስለሚደባለቅ ነው። በ5ኛው እትም 13 የጉዳት ዓይነቶች አሉ። ከተራ መሣሪያ የሚመጡት ሦስት ናቸው፦ መቀጥቀጥ፣ መውጋት፣ መቁረጥ። የቀሩት እንደ እሳት፣ ብርድ፣ አሲድና መርዝ ያሉት ናቸው። «አስማታዊ» የሚባል የጉዳት ዓይነት የለም። አስማታዊነት የመሣሪያው ጠባይ ነው። ፕላስ 1 ሰይፍ (ለመምታትም ለጉዳትም 1 የሚጨምር) አሁንም የሚያደርሰው የመቁረጥ ጉዳት ነው፤ መሣሪያው አስማታዊ መሆኑ ብቻ ነው የተጨመረው።

ስለዚህ ፍሌም ተንግ ሲነድ የመቁረጡ ጉዳት ባለበት ይቆያል። በላዩ ላይ ሁለት ባለ 6 ጎን ዳይስ የእሳት ጉዳት ይጨመራል። ሁለቱን ለየብቻ ነው የምትይዛቸው። ለምሳሌ ቆረጣው 9፣ እሳቱ 7 ወጣ እንበል። ጭራቁ እሳት የሚቋቋም ከሆነ 7ቱ ብቻ ለሁለት ይካፈላል፤ ወደ ታች ስለሚጠጋ 3 ይሆናል። ጠቅላላው 12 ነው። 16ን ለሁለት ከፍለህ 8 ካልክ ተጫዋችህን በድለኸዋል። ብዙ ዲኤም የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ እኔም ለወራት እንደዚያ ሳሰላ ነበር።

ክሪቲካል (ለመምታት በሚጣለው ባለ 20 ጎን ዳይስ ላይ 20) ሲወጣ ዳይሶቹ በሙሉ እጥፍ ይጣላሉ፣ የእሳቶቹም ጭምር። ከጉልበት የሚመጣው ተጨማሪ ቁጥር ግን አይታጠፍም።

አንድ ነገር አትርሳ። ያ ሰይፍ አቱንመንት ይፈልጋል። ተጫዋቹ አጭር እረፍት ወስዶ ከሰይፉ ጋር መላመድ አለበት፣ አንድ ሰው ደግሞ በአንድ ጊዜ ከሦስት በላይ ከሆኑ እንዲህ ካሉ ዕቃዎች ጋር መላመድ አይችልም።

መልስ፦ መዶሻ ይዛ

ስለ እጀታው እኔ ልመልስ። ሰይፉን ላልተሠራበት ነገር ሲጠቀምበት እንደ ማንኛውም ያገኘው ዕቃ ነው የሚቆጠረው፦ ባለ 4 ዳይስ፣ የጉዳቱን ዓይነት ዲኤሙ ይወስናል። ፕሮፊሸንሲ (በመሣሪያው የሠለጠነ ሰው ለመምታት የሚጨመርለት ቁጥር) አይጨመርለትም። ፍቀድለት፣ ምንም አያበላሽም።

ቁጭ ብዬ አስልቼዋለሁ። ጉልበቱ ፕላስ 3 ነው ብዬ ነው፣ ክሪቲካልን ትቼዋለሁ። የአጽሙ መከላከያ (እሱን ለመምታት መድረስ ያለብህ ቁጥር) 13 ነው፣ ነፍሱም (እስኪወድቅ የሚችለው ጉዳት) 13። በስለቱ 20 ጊዜ ቢሰነዝር 13ቱ ያርፋሉ፤ አንዱ ምት (ባለ 8 ዳይስ ሲደመር 3) በአማካይ 7.5 ስለሆነ ወደ 97 ይመጣል። በእጀታው ከ20ው 11 ብቻ ያርፋሉ። ግን ተጋላጭነቱ ጉዳቱን እጥፍ ስለሚያደርገው አንዱ ምት በአማካይ 11 ነው፤ 121 ደረሰ። ስለዚህ ልጁ ትክክል ነበር!

ከዚህ ሁሉ ግን 5 የወርቅ ሳንቲም አውጥቶ ሜስ (የሚቀጠቅጥ ዱላ) ይግዛ። ባለ 6 ዳይስ ሲደመር 3፣ እጥፍ ሲሆን በአማካይ 13። የአጽሙ ነፍስ ስንት ነበር? በአንድ ምት ዱቄት ነው።

መልስ፦ የድሮ ተጫዋች

ኢንተርኔት ላይ ሌላ መልስ ካገኛችሁ አትደናገጡ፣ እትሙ ይለያያል። በ3.5 እትም አጽሙን በሚቀጠቅጥ መሣሪያ ካልመታህ ከጉዳቱ ላይ 5 ይቀነሳል እንጂ እጥፍ የሚባል ነገር የለም። መሣሪያ ላይ እሳት ለመጨመርም መጀመሪያ ፕላስ 1 መሆን ነበረበት። በፈረንጆቹ 2025 በወጣው አዲሱ የጭራቆች መጽሐፍ ደግሞ «አስማታዊ ካልሆነ መሣሪያ» የሚለው ጥበቃ ቀርቷል። እኔ ቅር ብሎኛል። ብር ፍለጋ መንከራተቱ ነበር ዌርዎልፍን ዌርዎልፍ የሚያደርገው።

መልስ፦ ጠንቋይዋ

ወደ ጅቡ ልምጣ፣ በጣም ወድጄዋለሁ! ጥበቃውን ቃል በቃል አንብበው። የማይነካው አስማታዊ ባልሆነና በብር ባልተለበጠ *ጥቃት* የሚመጣ መቀጥቀጥ፣ መውጋትና መቁረጥ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ይነካዋል።

ብር ስል ማዕድኑን ነው። አንድ መሣሪያ ወይም 10 ቀስት ለማስለበጥ 100 የወርቅ ሳንቲም ያስፈልጋል። ከመንደሩ አንጥረኛ ጋር አገናኛቸው።

ጠንቋይ ካላችሁ ማጂክ ዌፐን የሚለው ድግምት ሌቭል 3 ላይ ይገኛል። ተራውን መሣሪያ እስከ አንድ ሰዓት አስማታዊ ያደርገዋል። ግን ኮንሰንትሬሽን (ያልተቋረጠ ትኩረት) ይፈልጋል፤ ጠንቋዩ ላይ ጉዳት ሲደርስ ድግምቱ ሊቋረጥ ይችላል፣ ስለዚህ ከኋላ ይቁም። ቀድሞ አስማት ባለበት መሣሪያ ላይም አይሠራም። በኋላ በፍሌም ተንጉ ላይ ልደርብ ቢሉህ እንቢ በል።

እሳት ያለ ምንም ችግር ይነካዋል። ችቦ በአንድ ምት 1 ብቻ ነው። ዘይት የተደፋበት ከሆነ ግን፣ ዘይቱ ሳይደርቅ እሳት ሲነካው 5 ይጨመራል።

የምወደው ግን ይሄ ነው፦ መውደቅ ጥቃት አይደለም። በየ10 ጫማው አንድ ባለ 6 ዳይስ ቅጥቀጣ ይደርስበታል። ጉድጓድ አለህ?

የቅዳሜው ዲኤም፦

ጉድጓድ አልነበረኝም፤ አሁን አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም።

ትናንት ተጫወትን። ከአንጥረኛው ጋር በዋጋ ሲከራከሩ አንድ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ ገንዘባቸውን አዋጥተው 10 ቀስት አስለበጡ። ጅቡ 58 ነፍስ ነበረው። ቀስተኛዋ አራት ጊዜ አግኝታው 31 ቀነሰችለት። ከዚያ ተዋጊው ወደ ደረቁ የውሃ ጉድጓድ ገፋው። 30 ጫማ ነው፣ ሦስት ዳይስ። አንዱ ተንከባልሎ ረከቦት ሥር ገባና ሁላችንም ወለሉ ላይ ተኝተን አየነው፦ 6። ከሌሎቹ ጋር 15 ሆነ።

12 ነፍስ ቀርቶታል፣ ከታች ይስቃል። ቀስተኛዋ አንድ የብር ቀስት ብቻ ነው የቀራት። እዚያ ላይ አቆምን። ቅዳሜ እንቀጥላለን።