ነብሩ ወይስ ፍልፈሉ? ለወሎ ደጋ የቱ ይበልጣል?

ሳይንቴው፦
ሰላም ለሁላችሁ። በቦረና ሳይንት ፓርክ ቀድሞ ሊጠበቅ የሚገባው ነብር ነው ወይስ ፍልፈልና የጓሳ (የደጋው ረጅም ሣር) አይጥ? እኔ ነብር ባይ ነኝ። ፓርኩ ውስጥ ያለው ደንቆሮ የሚባለው ጫካ ተፈርቶ የኖረው በማን ሆነና! ነብር ከጠፋ ዝንጀሮው ማሳ ላይ ይሰፍራል፣ ጃርቱም ያሻውን ይሆናል።

ላስቴዋ፦
በግርማ ከሆነ አልከራከርም። አውራ ነብር 60 ኪሎ ይመዝናል፣ ፍልፈል ሩብ ኪሎ ቢሞላ ነው። ግን ደጋውን የተሸከመው የቱ ነው? እስኪ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ውጡ። ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፣ ውርጩ አጥንት ይገባል። ፀሐይ ሞቅ ስትል ጓሳው መሃል ቁጭ ብላችሁ ዝም በሉ። አይጦቹ ከየጉድጓዱ ብቅ ብቅ ይላሉ። ያኔ ቀይ ቀበሮ ጆሮዋን ቀስራ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ እግሯን በቀስታ እያነሳች ስታደባ ታያላችሁ፤ ከዚያ ዘላ ጉብ ትልበታለች። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ይቺ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለችም፣ ጠቅላላ ቁጥሯ 500 አይሞላም፣ የምትበላውም ከሞላ ጎደል አይጥና ፍልፈል ነው። ነብር ሽኮኮም ሰስም ዝንጀሮም ይበላል፣ ከአፍሪካ አልፎ እስያም አለ። እሷ ግን አይጡ ካለቀ አለቀላት።

የደላንታው ገበሬ፦
ወይ ጉድ፣ ለፍልፈል ጠበቃ ቆማችሁ! የእኔን ድንች ማን ይካሰኝ? ቅጠሉ ሸጋ ሆኖ ይታይሃል፣ ስትነቅለው ሥሩ ባዶ ነው። ወላሂ ልብ ይሰብራል። ነብር ከእኔ የወሰደው አንዲት በግ ነው፣ ፍልፈል ግን ክረምት ከበጋ አይለቀኝም። አምና መርዝ ገዝቼ በየጉድጓዱ ጨመርኩበት።

ላስቴዋ፦
ጋሼ፣ አብሽር፣ ጉዳቱ ይገባኛል፤ ቤታችንም ድንች ነው ያሳደገን። መርዙ ግን አይጡ ላይ አይቀርም። የተመረዘውን ጭልፊትም ቀበሮም ያነሳዋል። ማሳ ላይ የገባውን በወጥመድ ይያዙት፣ የጓሳውን ተዉልን።

የወረኢሉ ልጅ፦
እኔ ከላስቴዋ ጋር ነኝ፣ አንድ ነገር ግን ዘላችኋል። አይጥ የሚኖረው ጓሳ ሲኖር ነው። የገብስ ማሳው ዓመት በዓመት ሽቅብ እየወጣ ነው፣ ጓሳውም እየታረሰ ነው። ለነብር ብቻ ዘብ ብናቆም ጫካውን ጠብቀን ከላይ ያለውን ሜዳ ልናጣው ነው።

ሳይንቴው፦
የቀበሮዋ ነገር ከብዶኛል። ነብሩን ግን አልተውም፤ ገደሉና ጫካው የሱ ነው። ጓሳው ላይ ግን ተሸንፌያለሁ፣ እዚያ ፍልፈል ይቅደም።

የደላንታው ገበሬ፦
እሺ፣ መርዙን ልተወው። ግን ለአንድ ማሳ ስንት ወጥመድ ይበቃል? የምታውቁ ንገሩኝ፣ ድንቹ ሊደርስ ነው።